ባዶ ሳጥን የሌለበት መዝገብ

«ስልክ ይደወላል አሉ» አለ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ፣ በዚያ ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ።

ሬዲዮ ነው የምንለው። አንዴ ከተከፈተ ማጥፊያው አይገኝም። የካርድ ክፍሉ መስኮት ከትሪ አይሰፋም፤ እሱ ግን ግማሽ ደረቱን በዚያ አሾልኮ፣ የሰው ካርድ እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ፣ ግቢው ውስጥ ላለው ሁሉ ያሰራጫል። ሰኞ ወሬው ቀላል ነበር፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ለየቤቱ እየደወሉ፣ የጤና ሠራተኛዋ በእርግጥ አገልግላችኋለች ወይ ብለው ይጠይቃሉ የሚል። ማክሰኞ ድምፅ ይቀዳል ተባለ። ረቡዕ፣ ከተቀዳው ድምፅ ውስጥ ውሸታሙን ነቅሶ የሚያወጣ መሣሪያ ተገዝቶ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ በመስኮቱ ሥር ሳልፍ ወሬው ወደ እኔ ዞረ።

«ዶክተሯ፣ አልሰማሽም እንዴ? ደውለው ጨርሰዋል እኮ።»

ዶክተር የሚለኝ ለሹፈት ነው። እዚሁ ጤና ጣቢያ በጽዳት ተቀጥሬ፣ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን ወረቀት እያነበብኩ ነው ሥራውን የለመድኩት፤ ሥልጠናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሬዲዮ ይህን መርሳት አይፈልግም።

«ይደውሉ ጋሼ» አልኩት። «እኔ የማንኳኳውን በር እነሱ በስልክ ቢያንኳኩት ምን ይጎድልብኛል?»

«እኔ ምን አገባኝ፤ የሰማሁትን ነው» ብሎ ካርዱን ማራገቡን ቀጠለ።

የእኔ ሥራ ቤት ለቤት ነው። ከጡብ ፋብሪካው አጥር እስከ አውቶቡስ ማዞሪያው ያሉት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ቀጠናዬ ናቸው። ሕፃን እመዝናለሁ፤ የክትባት ቀን የረሳች እናት እጨቀጭቃለሁ፤ ሁለት ሳምንት የሳለ ሰው ካለ፣ ካልተመረመርክ አልነሳም ብዬ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ፤ የወሊድ መከላከያ መርፌ ለሚፈልጉ ሴቶች ደግሞ በየሦስት ወሩ እወጋለሁ። ጣጣ ያመጣብኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

መርፌውን የሚወጉት ሴቶች ዓምና አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ዘንድሮ አርባ አንድ ደረሱ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ለመርፌ ቤታቸው መሄድ ተውኩ። ልብስ ሰፊዋ ከሱቋ በስተጀርባ፣ ሰው ልብስ የሚለካባት በመጋረጃ የተከለለች ቦታ አለቻት። ሴትየዋ ቀሚስ ላስጠብብ ብላ ትገባለች፣ እኔ ክር ልገዛ ብዬ እገባለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ባል የለ፣ አማት የለ፣ ጎረቤት የለ። ከመጋረጃው ማዶ ነገሩ እንደማይወጣ ቃል ገባሁላቸው። ቃሉን ስገባ መዝገቡን ረሳሁት።

መዝገቡ ዘንድሮ አዲስ ነው። በእያንዳንዷ ሴት ስም አንጻር «ስልክ ቁጥር» የሚል ሳጥን ጨምረውበታል። የወዲያኛው ቀጠና ሠራተኛ፣ ሰረዝ የምንላት፣ ሳጥኑን ሁሉ በሰረዝ እየዘጋች አለፈችው። እኔ ባዶ ሳጥን አልወድም። ዓይኔ ውስጥ እንደገባ ጉድፍ ይቆረቁረኛል። የራሷ ስልክ ያላትን የራሷን፣ የሌላትን የቤቱን፣ ማለትም የባሏን፣ እየጠየቅኩ ሞላሁት። «ለሕፃኑ ክትባት ማስታወሻ ነው» እላቸው ነበር፤ ያኔ ለዚያ መስሎኝ ነበር። አርባ አንድ ሴቶች፣ አርባ አንድ ቁጥሮች። ሲያልቅ መዝገቡን ክንዴን ዘርግቼ አርቄ አየሁት፤ እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ያን ዕለት ከምሳ በኋላ አስጠራኝ።

በወር አንድ ጊዜ በሞተር ሳይክል ይመጣል። ዕድሜው የአባቴ ያህል ነው፤ የራስ ቁሩ ግንባሩ ላይ ያተመው ቀይ መስመር እስኪጠፋ ድረስ ከማንም ጋር ቁም ነገር አይጀምርም። የራሱ ክፍል ስለሌለው የሚቀመጠው የክትባት ማቀዝቀዣው ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ንግግሩን አቁሞ ይጠብቃል፣ ሲያርፍ ካቆመበት ይቀጥላል። መደገፊያዋ የተሰበረ ወንበር ስቦ ሰጠኝ።

«ተቀመጪ እህቴ። መዝገብሽ ያምራል። አንድ ባዶ ሳጥን አላየሁበትም።»

«አመሰግናለሁ።»

«የመርፌው ቁጥር በዓመት ከእጥፍ በላይ አድጓል። ከፍ ሲል ደግሞ ይጣራል፤ መመሪያው ነው። ከዝርዝርሽ አሥራ ሁለት በዕጣ ወጥተው ተደወለላቸው።» ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «ሦስቱ አገልግሎት አግኝተናል አሉ። ዘጠኙ የለም አሉ።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ያነበብኩት ቁጥሩን ነው፤ በሁለተኛው ስልኮቹን።

«ያነሳው ማን ነው? ሴት ነው ወንድ?»

ወረቀቱን ገለበጠ፣ ኋላውን አየ፣ መለሰው። «ቅጹ የተቀባዩን ጾታ አይጠይቅም።»

«እኔ ልንገርዎት። ሦስቱ የራሳቸው ስልክ ያላቸው ሴቶች ናቸው። ዘጠኙ ባሎች ናቸው።»

«ባልስ ቢሆን? ሚስቱ የተደረገላትን አያውቅም?»

«እንዳያውቅ ነው የተደረገው።»

ማቀዝቀዣው አጓራ። ሁለታችንም ጠበቅን። ሲያርፍ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ይህ ሰበብ ከአንቺ በፊት አልተነገረኝም አትበይ። አንዷ ‹ሁሉም ወደ ገጠር ሄደው ነው› ትለኛለች፣ አንዷ ‹ስማቸውን ለውጠው ነው› ትለኛለች። መሬት ያልረገጠ እግር ስንት ዓይነት ወሬ እንደሚያወራ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«የእኔ ጫማ እንዴት እንዳለቀ ማየት ይችላሉ።»

«ጫማም በቅጹ ላይ የለም» አለ፤ ሊስቅም ፈለገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ አምንሻለሁ። ግን ቅጹ ለእኔ እምነት ዓምድ የለውም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሚነግሩኝ ቢሰድቡኝ እመርጣለሁ። ለሚሰድብህ ትመልስለታለህ፤ እያመነህ የሚፈርድብህን ምን ትለዋለህ?

ሴቶቹን በእኔ ስልክ ደውሎ ራሱ እንዲያነጋግራቸው ጠየቅኩት። በሠራተኛዋ ስልክ የተደረገ ማረጋገጫ አይቆጠርም አለ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ቁጭ ብሎ በዓይኑ እንዲያይ ጠየቅኩት። ከሕዝብ ተቋም ውጭ የተሰጠ ቃል አይቆጠርም አለ። የሚቆጠረው ሁለት ነው፦ ወይ እሱና እኔ ዘጠኙንም ቤት እናንኳኳለን፣ ከቤተሰቡ አንድ አዋቂ ይፈርማል፤ ወይ ሴቶቹ ራሳቸው ጤና ጣቢያ መጥተው፣ ካርዳቸውን አውጥተው፣ እሱ ፊት ይፈርማሉ።

«ማለፊያው ግማሽ ነው፣ ስድስት። ሦስት አለሽ። የሚመጣው ረቡዕ እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ እቀመጥልሻለሁ።»

«ስድስት ካልሞላስ?»

«ቀጠናው ለሌላ ይሰጣል። አንቺ ከሐዲዱ ማዶ ትሄጃለሽ።»

ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሥራ የውኃ ጉድጓድ ናሙና መቅዳትና ሽንት ቤት መቁጠር ነው። መርፌ መውጋት የለም።

ከክፍሉ ስወጣ ሰረዝ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷ በማጣሪያው አንደኛ ወጥታለች። መዝገቧ ውስጥ የተገኙት ስልኮች አራት ብቻ ናቸው፦ የሁለት እህቶቿ፣ የአክስቷና አንድ ሌላ። ሌላው የራሷ ሁለተኛ ሲም ካርድ ነው ይላሉ፤ እኔ አላየሁም። አራቱም «አዎ፣ በሚገባ አገልግላናለች» ብለዋል።

«አይዞሽ» አለችኝ። «አንቺ እኮ ነገር ታበዣለሽ። ሰረዝ ብታደርጊው ምን ነበረበት?»

ቦርሳዬን አንግቼ አለፍኳት። 

ማታ እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሙሉ ዕድሜዋን የሰው ቤት ስታገለግል የኖረች፣ ስለ አለቃ የምታውቀው ከእኔ የሚበልጥ ሴት ናት።

«ስማቸውን ይዘሽ በየደጃቸው ውሰጂዋ ሰውየውን» አለች። «ሥራሽ ነው። እነሱ ናቸው የደበቁት እንጂ አንቺ ምን ደበቅሽ?»

«ቃል ሰጥቻለሁ እማዬ።»

«ቃል የሰጠሽው ለደሞዝሽ ብለሽ አይደል?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ብዪ» አለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

አርብና ቅዳሜ ዘጠኙንም ሴቶች ዞርኳቸው። ዘጠኙን ቤት ብቻ ማንኳኳት እንዳያሳብቅ፣ ሚዛኑን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሕፃን የሌለበትን ቤት ሳይቀር «ሕፃን አለ?» እያልኩ ነው የዞርኩት። የአውቶቡስ ሹፌሩ ሚስት እሺ አለች፤ ባሏ እስከ ሌላው ሳምንት አይመለስም። የመምህሩ ሚስት አሰበች፣ አሰበች፣ «እሱ አንዴ ይጮሃል፣ ከዚያ በመጽሐፍ አንብቦ ትክክል ነሽ ይለኛል» ብላ እሺ አለች። አንዷ በሩን ሳትከፍት በውስጥ በኩል «የለሁም» አለችኝ። አንዷ አለቀሰች። አንዷ «አንቺን አላውቅሽም፣ አንቺም አታውቂኝም» አለችና ወዲያው ዝቅ ባለ ድምፅ «የሚቀጥለው ቀን መቼ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

የቀሩት ሦስቱ አይሆንም አሉ። ሁለት ተገኙ። ከሦስቱ ጋር አምስት። የምትቀረኝ አንዲት ሴት ናት።

የአናጢውን ሚስት መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኳት ስለፈራኋት ነው። አራት ልጆች አሏት። አራተኛውን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ፣ ባሏ ሣንቃ የሚያመላልስበት ጋሪ ላይ አስተኝተው ነው ጤና ጣቢያ ያደረሷት። አዋላጇ ፊት ለፊት ነግራታለች፤ አምስተኛው ቢመጣ እንደዚህ ላትተርፊ ትችያለሽ ብላ። አማቷ ግን አብራቸው ነው የምትኖረው፤ ገና ቤቱ መቼ ሞላ ትላለች። ባልየው ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል ይሁን በተፈጥሮው፣ ከአፉ ቃል ሲወጣ የሰማ የለም። ምን እንደሚያስብ የሚያውቅ የለም፣ ሚስቱም ጭምር።

ከቤቱ ጀርባ ልብስ እያሰጣች አገኘኋት። ሰላምታም አልነበረም።

«ስልኩን ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለማንም። መዝገቡ ላይ ነው የጻፍኩት።»

«ለምሳ ሲገባ ‹ከጤና ጣቢያ ደውለው ስላንቺ ጠየቁኝ› አለኝ። ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር።»

«ከዚያስ? ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል። ‹የለም አልኳቸው› ብሎ እጁን ታጠበ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።» የያዘችውን አንሶላ እንደ ጠላት ጨመቀችው። «ለክትባት ነው ያልሽኝ እኮ። ለሕፃኑ ክትባት ነው ብለሽ ነው ቁጥሩን የወሰድሽው።»

«አዎ፣ ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ተሳስቻለሁ።» ይህን ቃል ማውጣት ጥርስ እንደ መነቀል ነው ለእኔ። «ረቡዕ ጠዋት ነይና ፈርሚልኝ። አንዲት ፊርማ ናት። ካርድሽን ታወጫለሽ፣ ትፈርሚያለሽ፣ ትሄጃለሽ።»

«ካርድ ላወጣ? በሬዲዮ መስኮት?» ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «እኔ ቤት ሳልደርስ አማቴ ሰምታ ጨርሳ ትጠብቀኛለች።»

«ስሚኝ። እኔ ከተነሳሁ ሌላ ሠራተኛ ነው የምትመጣው። ቀጣዩ መርፌሽ ከወር በኋላ ነው። ያቺ ልጅ የመጋረጃውን ነገር አታውቅም፣ ቀጥ ብላ ደጃችሁ ነው የምትመጣው። ያን ጊዜስ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንቺ ስለ ቀጠናሽ ነው የምታወሪው፤ እኔ ስለ ትዳሬ።»

«እኔ ስለ ቀጠናዬ አይደለም...» ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። ስለ ቀጠናዬም ነበር። ያን ሁሉ ቀን ስዞር «እነሱ ምን ይሆናሉ» ከሚለው እኩል «እኔ ሽንት ቤት ልቆጥር ነው?» የሚለው ነበር የሚያንገበግበኝ፤ እሷ ደግሞ ፊቴ ላይ አነበበችው።

የቤቱ የኋላ በር ሲጢጥ ሲል ሰማን። አማትየው ብቅ አለች፤ መነጽሯ ባንድ በኩል በክር ታስሯል።

«ማናት?»

«ሕፃን ልትመዝን ነው እማማ» አለች የአናጢው ሚስት።

«ሚዛኑ ላይ ምን አስቀመጣችሁ ታዲያ? አንሶላ ነው የምትመዝኑት?»

ሕፃኑን አምጥተን መዘንነው። ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ጻፍኩትና ወጣሁ።

ረቡዕ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሱፐርቫይዘሩ አሥራ ሁለቱን ስሞች በአንድ ገጽ ላይ አስፍሮ፣ በሦስቱ ጎን ምልክት አድርጎ፣ የቀለም ንጣፉን ለአውራ ጣት አሻራ አዘጋጅቶ ተቀምጧል። እኔ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ከዚያ የግቢው በር፣ የታማሚዎቹ አግዳሚ ወንበርና የሬዲዮ ደረት በአንድ ላይ ይታያሉ።

የሹፌሩ ሚስት ሦስት ሰዓት ላይ መጣች፤ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ሬዲዮ «ምን ያማል እህት?» ሲላት «ዓይኔን» ብላ። ፈረመች፤ አራት። የመምህሩ ሚስት አራት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች፣ ፊርማዋን ሦስት ጊዜ አስተካከለች፣ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አንብባ አንድ የፊደል ስህተት አሳየችው። አምስት።

«እያየሽ ነው?» አለኝ ሱፐርቫይዘሩ። በጎ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ይጨነቅ ነበር። «አንድ ነው የቀረሽ።»

«አየሁ።»

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የአናጢው ሚስት በግቢው በር ገባች።

ሕፃኑን አዝላለች። የክትባት ካርዱን በእጇ ይዛ፣ ለሚያያት ሁሉ «ለሕፃኑ ነው የመጣሁት» እንዲል ከፍ አድርጋዋለች። አሥር እርምጃ ያህል ገባች። ከዚያ አግዳሚውን አየች። አግዳሚው ላይ፣ ጉልበቷን እያሸች ተራ የምትጠብቅ አሮጊት አለች፤ የአማቷ ጎረቤትና ወዳጅ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር ወሬ ስትቀባበል ነበር። የአናጢው ሚስት ቆመች። ወደ ቧንቧው ዞረች። ቧንቧውን ከፍታ እጇን አስነካችው፣ ዘጋችው። ከዚያ ቀና ብላ መስኮቱ ላይ አየችኝ።

በምልክት ብጠራት ትመጣ ነበር። ያን ዛሬም አውቀዋለሁ። ሰው ሊወቅስሽ ሳይሆን ሊታዘዝሽ ሲያይሽ ያስታውቃል፤ ልትሸከምልኝ መጥታ ነበር፣ የቀረው እኔ ሸክሙን መስጠቴ ብቻ ነው። ተናደድኩባት፤ አሁን ምን አመጣት፣ እስካሁን የት ነበረች፣ ለምን በኋላ በር አልመጣችም። ጤና ጣቢያው የኋላ በር እንደሌለው እያወቅኩ ነው የተናደድኩት።

ሱፐርቫይዘሩ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ያቺስ? ከዘጠኙ አንዷ ናት?»

«አይደለችም። ውኃ ፈልጋ የገባች ትመስለኛለች።»

እጄን ከመስኮቱ ላይ አወረድኩ። እሷም አየች። ሕፃኑን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለችውና ወጣች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ገጹን ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። ከአሥራ ሁለቱ አምስት። «አስተያየት» ከሚለው ሳጥን ላይ ብዕሩን ብዙ ጊዜ አቆየው። ከዚያ ሰረዝ አደረገበት።

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሰኝ። ቀጠናዬን የተረከበችኝ ልጅ ጎበዝ ናት፤ ክፉ ላወራባት ብፈልግ እንኳ የለኝም። የመጋረጃውን ነገር፣ ማን በምን ቀን እንደምትመጣ፣ ሁሉንም በቃሌ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ «እኔ ግን እንዲህ ብሠራ ሲደወል ምን ይውጠኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቦርሳዋን ይዛ በፊት ለፊት በር መሄድ ጀመረች፤ የቤቱ ሰው ሁሉ እያየ፣ ባል እያለ፣ አማት እያለች። በሚቀጥለው ማጣሪያ ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ «አዎ» አሉላት። የመርፌው ዝርዝር ከአርባ አንድ ወደ አሥራ አራት ወርዷል፤ ያ ግን ከፍ አላለምና አልተጣራም።

ለአናጢው ሚስት በልብስ ሰፊዋ በኩል ሁለት ጊዜ መልእክት ላክሁላት፤ ሐዲዱን ተሻግረሽ ነይ፣ እዚህ ካለው ሐኪም ጋር ተነጋግሬ አስወጋሻለሁ ብዬ። ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ከቤት ሦስት ሰዓት የምትጠፋበት ሰበብ አልነበራትም። በሦስተኛው ልብስ ሰፊዋ «ተያት፣ አታስጨንቂያት» ብላ መለሰችልኝ።

ከሐዲዱ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ናሙና የሚቀመጥበት መደርደሪያ አልነበረውም። ጠርሙሶቹ መሬት ላይ ነበር የሚደረደሩት። ዓመት ከሦስት ወር ስጮህ ቆይቼ በመጨረሻ ተፈቀደና አናጢ ተላከ። ጠዋት ስገባ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳውን ይለካል። ሲዞር አወቅሁት። እሱም አወቀኝ፤ ሜትሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ደህና ነህ ወንድሜ? ቤት እንዴት ናቸው?»

«ልጆቹ ደህና ናቸው።» ግድግዳውን አየ። «እሷ ትልቁ ሆስፒታል ተኝታለች። ስምንት ወሯ ነው። ካሁኑ መድማት ጀምራ፣ ደም የሚሰጥ ሰው አምጡ ብለውን፣ ሰው ስፈልግ ነው ትናንት የዋልኩት።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሱ ቀጠለ። ይህን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«አንቺ ከሄድሽ በኋላ ተወችው።»

«ምኑን?»

«መርፌውን ነዋ።»



«ታውቅ ነበር?»

«ልብስ ሰፊዋ ቤት አይደል እንዴ የምትገባው? በሦስት ወር አንዴ ያንኑ ቀሚስ የምታስጠብብ ሴት እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ሲደውሉልህ ለምን የለም አልካቸው?» ድምፄ ከፍ ብሎ እንደነበር አሁን ይታወቀኛል። «አዎ ብትል ምን ነበረበት?»

«ማን እንደሆነ አላወቅሁትማ። የማላውቀው ሰው ደውሎ ስለ ሚስቴ ይጠይቀኛል። እናቴ በሰው ያስጠየቀችኝ መሰለኝ። የለም፣ ምንም አላገኘችም አልኩ፤ እሷን የጠበቅሁላት መስሎኝ።»

«ለእሷስ? አውቃለሁ አትላትም ነበር?»

«እሷ አልነገረችኝም። ያልነገረችኝን ነገር አውቃለሁ ብላት የምታፍር መሰለኝ።» ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ቀጥሎ ያለውን የተናገረው ለግድግዳው ነው። «በተወጋች ሰሞን ክንዷን ያማታል። ያን ሰሞን ውኃውን እኔ ነበርኩ የማመላልሰው።»